ያለ ምጥ የመጣች ልጅ

ኮቫዶንጋን መጀመሪያ የጎዳኋት እኔ ነኝ፤ ሌሎቹ እኔን ተከትለው ነው የመጡት።

በስፔኗ አስቱሪያስ፣ በከተማችን ትልቁ ዳቦ ቤት ለአሥራ አንድ ዓመት አብረን ሠርተናል። እሷና ባሏ ኤላዲዮ ልጅ አልወለዱም። ስድስት ዓመት ወረቀት ሲያሟሉ ከረሙና ሩሲያ ሁለቴ ተመላልሰው የአምስት ዓመቷን ዳሪናን ከሕፃናት ማሳደጊያ ይዘው መጡ። ሰፈሩ ፊኛ ይዞ ተቀበላቸው። ኬኩን የጋገርኩት እኔ ነበርኩ።

ልጅቷ ኤላዲዮ አንገት ላይ ተጠመጠመች። መንገድ ላይ ያገኘቻትን ሴት ሁሉ፣ ዓሣ ሻጯን ሳይቀር፣ «እማማ» ትላለች፤ ኮቫዶንጋ ስትነካት ግን ትናከሳለች። ኤላዲዮ ሥራ ሲሄድ በሩ ሥር ተጋድማ እስኪመለስ ታለቅሳለች። ኮቫዶንጋ ፀጉሯን መታጠብ ተወች። በአምስተኛው ሳምንት ሊጥ እያቦካን ሳለ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ምንም አይሰማኝም። አልሄድ ያለ እንግዳ ነው የምትመስለኝ። አንዳንዴ በመጣችበት አውሮፕላን ብትመለስ እላለሁ። ለማንም እንዳትነግሪ፣ እሺ?»

«ምን ነካሽ ኮቫ! ለማን ብዬ?»

ቀትር ሳይሆን ለአማቷ ለወይዘሮ ኦብዱሊያ ነገርኩ። ለክፋት አይደለም እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ፤ ውሸት ነው። እኔም መሃን ነኝ። ልጅ ያገኘች ሴት ስታማርር መስማት አንጀቴን አቃጠለው።

እሑድ ምሳ ላይ፣ ዘመድ አዝማዱ በተሰበሰበበት፣ ኦብዱሊያ ባቄላውን ከነቋሊማው ለሁሉም አወጣችና የኮቫዶንጋን ሳህን ዘለለችው።

«ምጥ ሳትቀምሺ የአራስ በሽታ ከየት አመጣሽ? ልጅ ካፖርት መሰለሽ፣ ጠበበኝ ብለሽ የምትመልሺው?»

ሁሉም ሳቁ። ኮቫዶንጋ ባሏን አየችው። ኤላዲዮ ዳቦ ይቆርሳል።

ልትታከም የሄደችበት ሐኪምም አልተሻለም። «ይሄ የሚይዘው የወለደችን ሴት ነው፤ አንቺ ደክሞሽ ነው» ብሎ ቫይታሚን ጻፈላት። የማደጎ ቢሮው ሠራተኛ ለሪፖርቷ የፈለገችው ሦስቱም ፈገግ ያሉበትን ፎቶ ብቻ ነበር። ፈገግ አሉላት።

በመጋቢት አንድ ቀን ኮቫዶንጋ ልጅቷን ልታመጣ ወደ ትምህርት ቤት ሄደች። መኪናዋን ከመንገዱ ማዶ አቆመች። የሌላው ሰው ልጅ ሁሉ ተወስዶ አለቀ፤ ዳሪና ቦርሳዋን አቅፋ ብቻዋን በር ላይ ቀረች። ኮቫዶንጋ አርባ ደቂቃ ሙሉ አየቻት፤ የመኪናውን በር ግን መክፈት አቃታት። ከዚያ ሞተሩን አስነስታ በቀጥታ ማደጎ ቢሮው ሄደችና፣

«ወይ እሷን ውሰዱ፣ ወይ እኔን» አለች።

ኮቫዶንጋን ወሰዷት፤ ሆስፒታል። እዚያ አንዲት ሐኪም፣ «ስሙ ድባቴ ነው። በማደጎ የሚያሳድጉ እናቶችንም ይይዛል፤ ታክመሽ ትድኛለሽ» አለቻት። ኮቫዶንጋ አልጋው ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ ዋለች። ይህን ቃል ከሰው አፍ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር።

ከሦስት ወር በኋላ ድና ወጣች። ለልጅቷ ቀይ ጫማ ገዝታ፣ ያን ቀን ኤላዲዮ ዳሪናን ከትምህርት ቤት ወስዶ ወዳስቀመጠበት ወደ አማቷ ቤት ሄደች። ኦብዱሊያ በሩን ገርበብ አድርጋ ወደ ውስጥ ተጣራች።

«ዳሪና! ነይ ውጪ፣ ልትመልስሽ የነበረችው ሴትዮ መጥታለች!»

ልጅቷ አልጋ ሥር ገባች። ጫማው ደጃፍ ላይ ቀረ።

ኤላዲዮ ፈታት። ዳኛው የሆስፒታሉን ወረቀት አይቶ ልጅቷን ለእሱ ሰጠ፤ ለኮቫዶንጋ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጅቷን የምታይበት አንድ ሰዓት ብቻ፣ አማቷ ባለችበት።

በቀደም መንገድ ላይ አገኘኋት። ይህን ያህል ጊዜ ስሸሻት ኖሬ እጇን ያዝኩ።

«ኮቫ፣ ይቅር በይኝ።»

«ምኑን?» አለችኝ፤ ፊቷ ላይ ቁጣ እንኳ የለም። «ውሸት አልነገርሽብኝም እኮ። ብያለሁ። ልቀቂኝ አሁን፣ ቅዳሜ ነው፤ ያለችኝ አንዲት ሰዓት ናት።»

እጇን ለቀቅኩት። ዳገቱን እየሮጠች ወጣች።