የጥላ ሰልፍ

አናጢው ስለ ፀሐይ በጎነት የሚያወራ ሰው ሲገጥመው ጥርሱን ይነክሳል። እሱና ሚስቱ ዝናብ ከማይለየው ከተማቸው ወደዚህ የመጡት በእሷ ጉልበት ምክንያት ነው። ሐኪሙ "ፀሐይ ያለበት አገር ውሰዳት" አለው፤ ወሰዳት። ያልነገረው ነገር ቢኖር ይህንኑ ምክር ለሰው ሁሉ ማደሉን ነው። ጉልበቱን ያመመው፣ ጡረታ የወጣው፣ ብርድ ያንገሸገሸው ሁሉ ጓዙን ጠቅልሎ እዚሁ ሰፍሯል።

የተከራዩት ቆርቆሮ ሥር ያለች አንዲት ክፍል ናት፤ ቀን ቀን ሙቀቱ ውስጧ አያስቀምጥም። ግድግዳዋም ስስ በመሆኑ ሲያስነጥስ ከግራም ከቀኝም "ይማርህ" ይሉታል። ቶሎ "ያኑራችሁ" ካላለ ኩሩ ነው ተብሎ ይታማል። ይህን እንኳ ቻለው። ያንገበገበው ሥራው ነው። ኮላው እንጨቱን ሳይዝ ይደርቃል፣ ሠርቶ ያስረከበው በር ሳምንት ሳይሞላው ተሰንጥቆ ባለቤቱን አስከትሎ ይመጣል። በፊት ከእጁ የወጣ ዕቃ ተመልሶ አያውቅም ነበር።

በቀደም ታናሽ ወንድሙ ከድሮ ከተማቸው ደወለለት። የድሮ ወርክሾፑን የተከራየው ሰው ለቋል፤ ይመጣ እንደሆነ ቁርጡን ይናገር። አናጢው ለሚስቱ ትንፍሽ አላለም። ሁለት ትኬት ቆርጦ እጇ ላይ ቢያኖረው እሺ ከማለት ሌላ ምን ታደርጋለች ብሎ አሰበ።

ጠዋት ሥራ የሚሄድ መስሎ ወጣና አውቶቡስ ትኬት መቁረጫው ጋ ደረሰ። ደጃፉ ላይ ማንም የለም። ዛሬስ ቀናኝ ብሎ ከተዘጋው በር ፊት ፀሐዩ ላይ ተገተረ። ከመንገዱ ማዶ፣ በረጅሙ ግንብ ጥላ ሥር የቆመው ሕዝብ ሥራ ፈት መስሎት ነበር። በሩ ሲከፈት ያ ሁሉ ሰው ተንቀሳቀሰ።

"ጋሼ፣ ሰልፉ እኮ እዚህ ነው" አለችው ልጅ ያዘለች ሴት።

"በሩ እዚህ አይደለም እንዴ?"

"በሩማ እዚያ ነው። ፀሐይ ላይ ግን ማን ይሰለፋል? ለአገሩ አዲስ ነዎት መሰለኝ።"

ሁለት ዓመት ኖሮ አዲስ መባሉ ከፀሐዩ ይበልጥ አቃጠለው። ሰልፍ የምትሰለፈው ምንጊዜም ሚስቱ ስለነበረች ይህን ደንብ አያውቅም። ወደ ጭራው ሲያዘግም ታዲያ እሷን ራሷን መሃል ላይ አገኛት።

"ሥራ አልሄድክም?" አለችው።

"አንቺስ?"

"ወንድምህ ለእኔም ደውሏል። ትኬት ልቆርጥልህ ነው።"

"ለእኔ ብቻ?"

"ላንተ ብቻ። እዚህ በቁምህ እያለቅክ ነው። እኔ ግን ወደዚያ ብርድ አልመለስም። እየመጣህ ታየኛለህ።"

ከተጋቡ ጀምሮ ተለያይተው የከረሙበት ጊዜ የለም። ሊቆጣት ፈልጎ ነበር፤ እሱም ሳይጠይቃት ለሁለት ሊቆርጥ መምጣቱ ትዝ ሲለው አፈረ። ከኋላ የተሰለፉት ተራ ገባ ብለው አጉረመረሙ።

"ባሌ ነው፤ ለሁለት አንድ ተራ ነው የያዝነው" አለቻቸው።

መስኮቱ ጋ ሲደርሱ ትኬት ሻጩ "ስንት ሰው?" አለ።

አናጢው እግሮቿን አየ። ይህን ሁሉ ጊዜ ስትቆም ግንቡን እንኳ አልተደገፈችም። በድሮ ከተማቸው ሳሉ ከአልጋ የሚያወርዳት እሱ ነበር። ሁለት እንዳይል እነዚያ እግሮች ያዙት፤ አንድ ማለት ደግሞ ከሞት አይተናነስበትም።

"ማንም አይሄድም" አለ።

"ታዲያ ተራ ምን ያሲዛችኋል?" አለና ሻጩ ቀጣዩን ጠራ።

እዚያው ደጃፍ ላይ ለወንድሙ ደወለና "ወርክሾፑን ለሰው ስጠው" አለው። ስልኩን ዘግቶ ኪሱ ውስጥ ሲከት እንባው መጣ፤ ላብ አስመስሎ ጠረገው። ሚስቱ አይታለች።

ወደ ቤት የሚወስደውን ዳገት ሲወጡ ቀደመችው። እሱ ከኋላ እያለከለከ "ቀስ በይ እንጂ" አላት። ድሮ እንዲህ የምትለው እሷ ነበረች። ዞር አለችና ቆማ ጠበቀችው።