መብራቱ ላይ የተሰቀለው የሐዘን ልብስ

አፍሪዬ የምድር ቤቱን ደረጃ ወርዳ ሳትጨርስ የተቃጠለ ጨርቅ ሽታ ተቀበላት። ሠራተኛው ሁሉ ሥራውን ትቶ ጥግ ላይ ተሰብስቧል። መሐል ላይ ኦዱሮ የሚባለው ግንበኛ ሁለት እጁን የውሃ ባልዲ ውስጥ ነክሮ ቁጭ ብሏል። አጠገቡ እሷ የነደፈችው ተንቀሳቃሽ የሥራ መብራት ተጋድሟል። አናቱ ቀልጧል፣ አሸዋም ተደፍቶበታል። ከአሸዋው ሥር የጥቁር ጨርቅ ጫፍ ይታያል።

"እስቲ እጅህን አሳየኝ" አለችው።

"ተይው እትዬ፣ እጅ ይድናል" አለ ኦዱሮ ቀና ሳይል። "ዛሬ አጎቴን እንቀብራለን። የእህቶቹ ልጆች ተሰልፈው ሲቆሙ እኔ በምን ልቁም? በሲሚንቶ ሱሪ?"

ዕለቱ ቅዳሜ ነው። በጋናዋ ኩማሲ ከተማ ቅዳሜ ቅዳሜ ለቅሶ የሌለበት ሰው ካለ፣ ወይ እንግዳ ነው ወይ ዘመድ የለውም። ሠራተኞቹ እስከ እኩለ ቀን ሠርተው፣ እዚያው ታጥበው፣ በቀጥታ ወደ ቀብር ነው የሚሄዱት። ስለዚህ የሐዘን ልብሳቸውን ጠዋት ይዘው ይመጣሉ። ሲሚንቶ በሚረጭበት በዚህ ጨለማ ምድር ቤት ደግሞ ንጹሕና ከፍ ያለ ነገር ቢፈለግ የሚገኘው የአፍሪዬ መብራት ብቻ ነው። እጀታው እንዲያውም እንደ ሰው ትከሻ ሰፊ ነው። ለመሸከም እንዲመች ብላ ነበር ያሰፋችው፤ ኮርታበትም ነበር። የባትሪው ሙቀት መውጫ ቀዳዳዎች ያሉት እዚያው እጀታው ሥር ነው፤ ልብስ ሲሰቀልበት ይደፈናሉ።

ዓመት ሙሉ ከአንዱ ግንባታ ወደ ሌላው ስትዞር ኖራለች። መብራቱን ከፎቅ ጥላዋለች፣ ውሃ ደፍታበታለች፣ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ እያሸከመች "ይከብዳል?" ብላ ጠይቃለች። ቅዳሜ ግን አንድም ቀን መጥታ አታውቅም። ቅዳሜ እሷም ለቅሶ ላይ ናት። ይህን ስታስብ በራሷ አፈረች።

የሕንፃው ተቋራጭ ኢንጂነር አሳሞአ፣ ከአፍሪዬ ሸሪክ ከበያጁ ከጋሽ ቦአማ ጋር ወረደ።

"ማነው ልብስ የሰቀለው?"

"እኔ ነኝ ኢንጂነር" አለ ኦዱሮ።

"መብራት ቁም ሣጥን ነው እንዴ?"

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። አሳሞአ ወደ አፍሪዬ ዞረ።

"እህቴ፣ ነገሩ ግልጽ ነው። ዕቃሽ ደህና ነው፣ አያያዙ ነው የተበላሸው። ይህንን ከአፍሽ ልስማና የተነጋገርነውን ስልሳ መብራት ሰኞ ታስረክቢኛለሽ። 'ልብስ መስቀል ክልክል ነው' የሚል ነገር ለጥፊበት፣ አለቀ።"

"ኦዱሮስ?"

"ንብረት ያቃጠለ ሰው እኔ ጋ አይሠራም። ማሳከሚያም ከእኔ እንዳይጠብቅ።"

ጋሽ ቦአማ ክንዷን ይዞ ወደ ምሰሶው ጠጋ አደረጋት። የመብራቶቹ የባትሪና የላሜራ መግዣ የተገኘው የእሱ የብየዳ ማሽን ተሸጦ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ቤተሰቡን ያስተዳደረበት ማሽን።

"አደራሽን አፍሪዬ፣ አዎ በይው" አለ በሹክሹክታ። "ቀዳዳውን ራሳችን ወደ ታች እናወርደዋለን። ማንም አያውቅም።"

"ሰውዬውስ ጋሼ?"

"ለሰውዬው ከኪሳችን እንሰጠዋለን።"

"ከየትኛው ኪስ?"

ቦአማ እንዲህ የሚለው ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ፈርቶ ነው። እሷም ፈርታለች። ስልሳው መብራት ከቀረ ዎርክሾፑ እንደሚዘጋ ሁለቱም ያውቃሉ። ግን ወረቀት ተለጠፈ ብሎ የሐዘን ልብሱን ጭቃ ላይ የሚያኖር ሰው የት ይገኛል?

ድንገት ሌላ ነገር ትዝ አላት። ለሙከራ የሸጠቻቸው መብራቶች በሌሎች ግንባታዎች ላይ በርተዋል። እዚያም ቅዳሜ ነው።

"እየጠበቅኩሽ ነው" አለ አሳሞአ።

"አንድ ጊዜ ስልክ ልደውል።"

"ለማን?"

ደረጃውን ወጥታ፣ ከጆሮው ርቃ መደወል ትችል ነበር። ቦአማም በዓይኑ ወደ ደረጃው ጠቆማት። ኦዱሮ እጁን ከባልዲው አውጥቶ እየተመለከተ ነበር፤ የመዳፉ ቆዳ ተልጧል። አፍሪዬ እዚያው በቆመችበት የሌላውን ግንባታ ፎርማን ቁጥር ፈልጋ ደወለች።

"ባዱ፣ አፍሪዬ ነኝ፣ መብራት ሠሪዋ። መብራቴ ላይ ልብስ ተሰቅሏል?"

"ሞልቶ! የሦስት ሰው ተደራርቦበታል። ምነው፣ የአንቺንም ልታመጪ ነው?"

"አሁኑኑ አጥፋው ባዱ። ይነዳል። እዚህ ሰው ተቃጥሏል።"

ከወዲያ በኩል ሩጫና ጩኸት ተሰማ። ባዱ እያለከለከ ተመለሰ።

"ጠፍቷል። ልብሶቹም ግለዋል፣ ግን ተርፈዋል። እነዚህን ቀልበ ቢሶች ልክ አገባቸዋለሁ፣ መብራት ላይ ልብስ ይሰቀላል?"

አሳሞአ እጁን አጣምሮ ይሰማል። ቦአማ ፊቱን ወደ ምሰሶው አዙሯል።

"እንዳትናገራቸው" አለች አፍሪዬ። ድምፅዋን ኢንጂነሩ እንዲሰማት ከፍ አደረገችው። "ጥፋቱ የመብራቱ ነው። የነደፍኩት ደግሞ እኔ ነኝ።"

ስልኩን ዘጋችና ወደሚቀጥለው ግንባታ ደወለች።