የጋሽ ጫኔ ምልክት ያለባት ባጃጅ

ጎረቤቴ አባይነህ ክፋት የለበትም። ችግሩ፣ ስልኩ ላይ ያየውን ሁሉ እዚህ መሐል ሜዳ ከተማ ላይ ካልሞከረው እንቅልፍ አይወስደውም። ከሞላሌ መጥቶ ከአጥሬ ጎን ከተከራየ ሁለት ዓመቱ ነው። ሚስቱ ዓለሚቱ መኖሯ የማይታወቅ ጸጥተኛ ናት። እሱ ግን ገና ባጃጁን ሳያጠፋ ወሬውን ይጀምራል።

አምና ኅዳር ላይ በአጥሩ በኩል ብቅ አለና፣

«እትዬ ጠጄ፣ የበግ ጠጉር ፈትል አለሽ?» አለኝ።

«ምን ልታደርገው? ባጃጅህ በረዳት እንዴ?»

«እሷን አይደለም፣ ተሳፋሪውን ነው የበረደው። ላለብሳት ነው።»

የቀለደ መስሎኝ ሳቅሁ። አልቀለደም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከተማችን ውስጥ ባጃጅ በዝቷል። ሁሉም አንድ ቀለም፣ ሁሉም አንድ መልክ። አንድ መንገደኛ ከአውቶቡስ ሲወርድ አሥር ባጃጅ ይከበዋል፣ አባይነህ ደግሞ አሥራ አንደኛው ነው። የሞላሌው አማቱ አባባ ገብረየሱስ ጉልበታቸው ደክሟል፤ የበልጉን መሬት የሚያርስላቸው አጥተዋል። «ይቺ ባለ ሦስት እግር እስከ ጥምቀት ቤትህን ማኖር ካልቻለች ሽጣትና መጥተህ ሞፈር ጨብጥ» ብለው ቁርጡን ነግረውታል። እሱም በሰው ፊት እሺ ብሏል። አባይነህና እርሻ ደግሞ አይዋደዱም። ዓለሚቱ እንዳጫወተችኝ፣ ሞላሌ ሳሉ እርፍ ይዞ ትልሙ ጫፍ ላይ በሬዎቹን ሲያዞር በአፉ የመኪና ድምፅ ያሰማ ነበር።

ለዚህ ነው ያን ሰሞን ተሸብሮ የከረመው። እኔ ፈተልሁለት፣ ሸማኔ ባና አድርጎ ሠራለት። ባጃጇን ከላይ ከጣሪያዋ እስከ ታች ከውስጥ በባና ሸፈናት፤ በግራና በቀኝ ሸራ በር ሰፋላት፤ መቀመጫው ላይ አጎዛ አነጠፈ። ይህስ ደግ። ከዚያ ደግሞ ከሞተሩ ጎን የቆርቆሮ ቱቦ አውጥቶ ሙቀቱን ከተሳፋሪው መቀመጫ ሥር አስገባው። መጀመሪያ ሲሞክረው እኔን ነበር ያስቀመጠኝ። የተቃጠለ ዘይት ሸቶኝ እያሳልሁ ወረድሁ።

«ምን ተሰማሽ?» አለኝ በጉጉት።

«ወጥ ቤት የገባሁ ነው የመሰለኝ።»

«ሙቀቱስ?»

ሙቀቱን እውነት ለመናገር ወድጄዋለሁ። ሳምንት ሙሉ ሲፈታና ሲገጥም ሰንብቶ ሽታውን አጠፋው። ቱቦው ላይ በገመድ የሚከፈትና የሚዘጋ ክዳን አበጀለት። በመንዝ ውርጭ ጧት ቁጭ ብለው ሲሄዱ እግር ይሞቃል፣ ጉልበት ይፍታታል። እንዲህ ያለ ነገር ያሰበ ሰው ዝም ብሎ ቢሠራ ምን ነበረበት? አባይነህ ግን ዝም ማለት አያውቅም።

«እትዬ ጠጄ፣ ትልልቆቹ መኪና ሠሪዎች መኪናውን ብቻ አይደለም የሚሸጡት። ምልክቱን ነው። ከሩቅ አይተሽ የማን እንደሆነ ታውቂያለሽ። ብራንድ ማለት እሱ ነው።»

«ታዲያ ያንተ ምን ይሁን?»

«አፈወርቅ ያውቃል።»

አፈወርቅ የሱቅ ማስታወቂያ እየጻፈ የሚኖር የደብረ ብርሃን ልጅ ነው። እጁ ወርቅ ነው፣ በግ ግን የሚያውቀው ከድስት ሲወጣ ነው። ሁለቱ በር ዘግተው ሁለት ቀን ሠሩ።

በቅዳሜ ገበያ አባይነህ ባጃጇን በሁለት ጋቢ ሸፍኖ አደባባይ አቆማት። ስልኩ ላይ አዲስ መኪና እንዲህ ተሸፍኖ ሲመረቅ አይቷል። ሕዝቡ ሬሳ መስሎት ተሰበሰበ። አባይነህ «የመንዝ የመጀመሪያዋ ሙቅ ባጃጅ!» ብሎ ጋቢውን ገለጠው።

ሰው ሁሉ ጸጥ አለ። አባይነህ የተደነቁ መስሎት ፈገግ አለ።

በባጃጇ ኋላ፣ በግራ በኩል፣ ሁለት ቀይ መስመርና በላያቸው አንድ ሰማያዊ ተሥሏል። እኛ ዘንድ ግጦሹ የጋራ ስለሆነ እያንዳንዱ ቤት በጉን የሚለይበት የቀለም ምልክት አለው። ልጅ ፊደል ሳይቆጥር ምልክት ይለያል። በግራ ታፋ ሁለት ቀይ፣ አንድ ሰማያዊ የጋሽ ጫኔ ነው። አባይነህ የሚያውቀው የሞላሌ ጎረቤቶቹን ምልክት ብቻ ነው። አፈወርቅ ደግሞ ኋላ ሲጠየቅ «የሆነ ቦታ ያየሁት ነገር ነው፣ አማረኝ» አለ። የት እንዳየው እንግዲህ ግልጽ ነው፤ በግ ታፋ ላይ ሆኖ መንገድ ለመንገድ ሲራመድ ነበር።

ጋሽ ጫኔ ክፉ አይደሉም፣ ግን ንብረታቸውን የነካ ሰው ይጨነቃል። አንድ ጊዜ በጋቸው ስታልፍ ጠጉሯ እሾህ አጥሩ ላይ ተሰክቶ የቀረበትን ሰው «ጠጉሬን መልስ» ብለው ሽማግሌ ፊት አቁመውታል። ታዲያ ማን ይሳፈር?

ያን ዕለት ማታውኑ ነገርሁት።

«የበግ ምልክትና የመኪና ብራንድ ምን ያገናኘዋል?» ብሎ ተቆጣ። «ደግሞ ብራንድ አንዴ ከወጣ አይቀየርም።»

አልተቀየረም፣ ሰውም አልተሳፈረም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ባጃጇ እንደሞቀች ባዶዋን ቆመች። አንዷን ባልቴት «ነይ እማማ፣ ሙቅ ነው፣ ዋጋው ያው ነው» ቢላት፣ «ተወኝ ልጄ፣ በስተርጅና በጫኔ በግ ላይ አልጋልብም» ብላው በእግሯ ሄደች። አባይነህ ማታ ማታ ጥምቀትን በጣቱ መቁጠር ጀመረ። መኪና መኪና የሚለውም ቀረ።

በመጨረሻ ጋሽ ጫኔ ራሳቸው መጡ። ባጃጇን ዞረው ዞረው አዩአትና ምልክቷን በበትራቸው ነካ አደረጉ።

«ይቺ የማን ናት?»

«የኔ ናት፣ ጋሼ።»

«ምልክቷስ?»

«እሱም የኔ ነው። ብራንዴ ነው።»

«ብራንድ የምትለው ምን እንደሆነ አላውቅም። ይህን ምልክት ግን አባቴ ነው ያወረሰኝ። የኔ ምልክት ያለበት ነገር የኔ ነው።»

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ደጄ ላይ ሽማግሌ ተቀመጠ። ከሽማግሌዎቹ ዋናው አባ ገብረ አማኑኤል ሁለቱንም ሰሙና ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ፈረዱ።

«ልማዱ የታወቀ ነው። የሁለት ሰው ምልክት አንድ ከሆነ፣ ሁለቱ ከብቱን ይዘው አብረው ገበያ ይወርዳሉ። ገበያተኛው ፊት የማን እንደሆነ ይናገራሉ። እሱ የሞላሌ ልጅ ነው፣ አንተም ጫኔ በግ የምትሸጠው እዚያው ነው። የሞላሌ ገበያ ዕለት ትሄዳላችሁ። እኔም ለምስክር እመጣለሁ።»

እኔም ፈትሌን መሸጥ አለብኝ ብዬ ተጨመርሁ። እውነቱን ለመናገር ያን ሳላይ ብቀር ይቆጨኝ ነበር።

የገበያው ዕለት ጧት ሣሩ በውርጭ ነጥቷል። ጋሽ ጫኔ በበርኖስ ላይ ጋቢ፣ በጋቢ ላይ ፎጣ ደርበው፣ ከእኔና ከአባ መሐል ገቡ። አባይነህ ዞር አለና፣

«ሒሳብ፣ ጋሼ» አለ።

«የምን ሒሳብ? በገዛ ንብረቴ?»

«እስኪነገር ድረስ የሱ ናት፣ ጫኔ» አሉ አባ። «ክፈል።»

ጋሽ ጫኔ ከሦስት ልብስ ሥር ገንዘቡን አወጡ። አወጣጣቸው ጥርስ እንደሚነቀልለት ሰው ነበር። የባጃጅ ተራው ሁሉ ቆሞ አየ።

መንገድ ጀመርን። አባይነህ ገመዱን ሳበና ሙቀቱ ከሥር መጣ። ትንሽ እንደሄድን ፎጣው ወረደ። ቀጥሎ ጋቢው። አባ ገብረ አማኑኤል በክርናቸው ነኩኝና በዓይናቸው አሳዩኝ፤ በርኖሱም ተከፍቷል። ከዚያ ጋሽ ጫኔ «እንግዲህ ዘንድሮ ገብሱ...» ብለው ጀምረው ሳይጨርሱት ራሳቸው ትከሻዬ ላይ ወደቀ። እስከ ሞላሌ አንኮራፉብኝ። ትከሻዬ ደነዘዘ፣ ግን የሳቄን ነገር ማን ይያዝልኝ!

ሞላሌ ገበያው ላይ ስንደርስ ሰዉ ተሸፋፍኖ፣ አፍንጫው ቀልቶ፣ እጁን እያፋተገ ቆሟል። አባይነህ በሩን ቢከፍተው ጋሽ ጫኔ ራሳቸውን ተገላልጠው፣ አፋቸውን ከፍተው፣ ግንባራቸው ላይ ላብ ጣል ጣል ብሎ ተኝተዋል።

«ምነው፣ ሞቱ እንዴ?» አለ አንዱ።

«ተኝተው ነው» አልሁ።

«በዚህ ብርድ?»

«ከፍለው ነው የተኙት» አሉ አባ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው።

«ጫኔ? ከፈለ?»

ያቺ ወሬ በገበያው ውስጥ ስትሮጥ ታየችኝ። በግ ሻጩ ለጨው ሻጩ፣ ጨው ሻጩ ለጌሾ ሻጯ። የከፈለው ጫኔ ነው፣ ያውም ከፍሎ እንቅልፍ ወስዶታል። ሰዉ እጁን ወደ ውስጥ እየላከ ሙቀቱን ይዳስስ ጀመር።

ጋሽ ጫኔ በጫጫታው ነቁ። ቢያዩ ግማሹ ገበያ ከቧቸዋል፤ ሰዉ ምልክቱን እየጠቆመ «ይቺ ናት» ይባባላል። ወርደው ልብሳቸውን አስተካከሉ። አባይነህ አጠገባቸው ቆሞ ፊቱ አመድ መስሏል። እሳቸው «የኔ ናት» ካሉ ነገሩ ገና መክረሙ ነው፣ ጥምቀት ደግሞ ደርሷል።

«ስሙ» አሉ ጋሽ ጫኔ ጉሮሯቸውን ጠርገው። «ይቺ ባጃጅ የዚህ ልጅ ናት። የኔ አይደለችም። ምልክቱ ግን የኔ ነው። እንዲይዘው ፈቅጄለታለሁ።» ትንሽ ቆም አሉና፣ «የኔ ምልክት ያለበት ነገር ደኅና ነገር መሆኑን ታውቃላችሁ» ብለው ጨመሩ።

ስንመለስም ሳይጠየቁ ከፈሉ። ይህንንም አላመነም ሰዉ፤ እኔ ግን አይቻለሁ።

ከዚያ ወዲህ አባይነህ ምሳውን ቆሞ የሚበላ ሆነ። ጤና ጣቢያ የሚሄድ በሽተኛ፣ የክርስትና ሕፃን ያቀፈች እናት፣ ውርጭ የፈራ አስተማሪ፣ ሁሉም «የጫኔዋን ጥሩልን» ይላል። ሌሎቹ ባጃጆችም ፈትል ፍለጋ ወደ እኔ መምጣት ጀምረዋል፤ በዚህ አልተከፋሁም። ጋሽ ጫኔ ደግሞ ባጃጇ ባለፈች ቁጥር አስቁመው «ዛሬ ማንን ጫንህ? ጎማዋስ አልተነፈሰም?» ይላሉ፣ የወለደች በግ እንደሚጠይቁ።

የጥምቀት ማግስት አባባ ገብረየሱስ ከሞላሌ መጡ። አማች ሊወስዱ ነው የመጡት። ግን ተራው ላይ ደርሰው አባይነህን ለማነጋገር ከአምስት ሰው ኋላ መቆም ነበረባቸው።  ማታ እራት በሉ፣ አደሩ፣ ጧት እሱው ሊመልሳቸው ዓለሚቱን ጨምሮ ይዟቸው ሄደ። የሆነውን የነገረችኝ እሷ ናት።

ግማሽ መንገድ ላይ እግራቸውን ወደ ሙቀቱ ዘርግተው፣

«የበልጉን መሬት ለእኩል አራሽ ሰጥቼዋለሁ» አሉ።

አባይነህ ፍሬን ሊይዝ ምንም አልቀረውም። «ለማን፣ አባባ?»

«በሬ ሲነዳ እንደ መኪና ለማይጮህ ሰው።»

ደጃቸው ሲደርሱ ቆመ። አልወረዱም።

«አባባ፣ ደርሰናል» አለ።

«ዓይኔ መቼ ጠፋ? አይቻለሁ። እስከ ገበያው ሂድና መልሰኝ። በሩን ግን ከፈት አድርገው፣ ሰው ይየኝ።»

አባይነህ አመሉ ነውና ዞር ብሎ «ሒሳ...» ሊል ሲጀምር ዓለሚቱ ከኋላ ትከሻውን ቆነጠጠችው። ዝም ብሎ ነዳ።