የጴጥሮስ በቅሎ

በቅሎዋ ግቢው መሃል ስትደርስ አራት እግሯን ተክላ ቆመች።

ከፈለኝ ልጓሟን ጎተተ። ንቅንቅ አላለችም። ከፈለኝ የሟቹ የጴጥሮስ ታናሽ ወንድም ነው፤ ወንድሙን ትናንት ቀብሮ፣ ዛሬ ባዶ ኮርቻ የተጫነችውን በቅሎውን በለቀስተኛው ፊት ሦስት ጊዜ እንዲያዞር ታዟል። ያዘዘችው የሟቹ ሚስት ንጋቷ ናት። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ አቶ ይስሐቅ፣ "ይሄ የድሮ ሰው ወግ ነው፤ መዝሙሩ ይበቃናል" ብለዋት ነበር። እሷ ግን ሚዛን ተፈሪ ያለ ሰው ሁሉ ጴጥሮስ የማን ባል እንደነበረ እንዲያይላት ፈልጋለች።

"ግረፋት!" አለች ከድንኳኑ ሥር።

ከፈለኝ በአለንጋ ሾጥ አደረጋት። በቅሎዋ ጆሮዋን ወደ ኋላ አጥፋ ልትነክሰው ዞረች። ከለቀስተኞቹ መሃል አንዲት ሴት ሳቋን በነጠላዋ አፈነች።

ያን ጊዜ ከቀርከሃው አጥር ውጭ "ሸጊት" ብሎ በቅሎዋን በስሟ የሚጠራ ድምፅ ተሰማ። ጮክ ያለ አልነበረም። በቅሎዋ ልጓሟን ከከፈለኝ እጅ መንጭቃ ሄደችና አፍንጫዋን በአጥሩ ቀዳዳ አሾለከች። ማዶ የቆመችው በየነች ነበረች፤ ጴጥሮስ ቴፒ ላይ አሥራ አራት ዓመት አብሯት የኖረው ሴት። አስከሬኑ አይሱዙ ላይ ሲጫን ንጋቷ "በቅሎዋን አምጡ፤ ሴትዮዋን ተዉ" ብላ ስለላከች፣ እሷ ለብቻዋ በአውቶቡስ ተከትላ መጣች።

ሰዉ መጀመሪያ ወደ አጥሩ፣ ቀጥሎ ወደ ንጋቷ ተመለከተ። ባሏ ሲቀበር ያልወጣ እንባዋ አሁንም አልወጣም።

"ኮርቻውን አውርዱና ጓሮ እሰሯት" አለች። "ለሀምዳንም ንገሩት። ድንኳኑ በሚነሣበት ዕለት መጥቶ ይግዛትና ወደ ማጂ ይውሰዳት።"

ሀምዳን ከጅማ መጥቶ ሱቅ የከፈተ፣ ማጂ ድረስ በበቅሎ ዕቃ የሚያስጭን ነጋዴ ነው።

"እታለም፣ የወንድሜን በቅሎ ለጭነት?" አለ ከፈለኝ።

"ያቺ እያየቻት ትሂድ። እኔ የሄደብኝን ሁሉ ቆሜ አይቻለሁ።"

ሸጊት መጀመሪያ የጴጥሮስ አልነበረችም። እናቷ የንጋቷ አባት ፈረስ ነበረች፤ በወለደች በሦስተኛው ቀን ሞተች። ንጋቷ ያኔ ገና ሙሽራ ነበረች። ውርንጭላዋን ማድቤት አስተኝታ፣ የላም ወተት በጣቷ እያጠባች አሳደገቻት። ጴጥሮስ በሩን ተደግፎ "ልጅ ስጪኝ ብልሽ በቅሎ ታሳድጊልኛለሽ?" እያለ ይስቅ ነበር። እሷም ትስቅ ነበር። ልጅ ሳይመጣ ዓመታት ሲያልፉ ግን ቀልዱን ተወው።

ደርግ በወደቀ ማግስት፣ አንድ ጠዋት ሸጊት ላይ ተቀምጦ "ቴፒ ቡና አይቼ በሳምንቱ እመለሳለሁ" አለ። ከዚያ ወዲህ አንዴ ብቻ መጣ፤ የንጋቷ እናት የሞቱ ጊዜ። ከወንዶቹ ጋር ተቀምጦ አጽናናና ሳይመሽ ተነሣ። ንጋቷ ደጅ ወጥታ በቅሎዋን አየቻት። የኮርቻው ዳር በቀይ ክር ተጠልፏል፤ የማን እጅ እንደጠለፈው መጠየቅ አላስፈለጋትም። "ሸጊት" ብላ እጇን ዘረጋች። በቅሎዋ ፊቷን አዞረችባት። ንጋቷ ያን ለማንም አልተናገረችም።

በማግስቱ በየነች ከአጥሩ ውጭ ዋንዛ ሥር ጥቁር ለብሳ ተቀመጠች። የሚገባ የሚወጣው ሁሉ ያያታል፤ "እግዚአብሔር ያጽናሽ" የሚላት ግን የለም። የንጋቷ ጎረቤት ማናልሞሽ ንፍሮ በሳህን ይዛ ወደ በሩ ስታልፍ ንጋቷ ክንዷን ያዘቻት።

"ለማን ነው?"

"ሰው እኮ ናት፣ ንጋቷ። ሐዘንተኛ ናት።"

"ሐዘንተኛስ እኔ ነኝ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ለኔ ማን ንፍሮ አመጣልኝ?"

ማናልሞሽ ሳህኑን ይዛ ተመለሰች።

ከጓሮ ደግሞ ሌላ ወሬ መጣ። ሸጊት ሣር አልቀመሰችም፤ ውሃም አልጠጣችም። "ከሰው ይልቅ እሷ አዘነች" ብላ አንዷ ስታንሾካሹክ ንጋቷ ሰማች።

"ይራባት!" አለች ጮክ ብላ። "ለእሱ ብላ ከሆነም፣ ለዚያች ብላ ከሆነም ይራባት።"

ድንኳኑ በሚነሣበት ዕለት ሀምዳን መጣ። ሸጊት ተኝታ ነበር። ከንፈሯን ገልጦ፣ ጆሮዋን ዳስሶ ራሱን ነቀነቀ።

"እትዬ ንጋቷ፣ ይቺ ማጂ አትደርስም። መንገድ ላይ ትሞትብኛለች።"

"ትሙት" አለች ንጋቷ። ድምፅዋ ግን እንደ ትናንቱ አልነበረም።

በየነች ይህን ሰምታ በክፍቱ በር ገባች። የከለከላት የለም። ከንጋቷ አምስት እርምጃ ያህል ርቃ ቆመች።

"እትዬ ንጋቷ፣ እኔን እንደፈለጉ ያድርጉኝ። በቅሎዋን ልውሰድ አላልኩም። ጨው ብቻ ይስጧት። መጀመሪያ ጨው በመዳፉ አስልሷት፣ ግንባሩን ከግንባሯ ካላስነካ ሣር አትበላም። የእሱ ወግ ነው።"

"የማን?"

"የጴጥሮስ።"

ንጋቷ ሳቀች፤ ሳቋ ግን መሃል ላይ ተቋረጠ። "ጴጥሮስ? እሱማ በቅሎ አጠገብ መቆም የሚፈራ ሰው ነበር። እኔ ነኝ ያስተማርኩት! እዚሁ ማድቤት ውስጥ!"

በየነች ዓይኗን ከንጋቷ ወደ በቅሎዋ መለሰች።

"እንዲህ ብሎ አልነገረኝም" አለች። "አንድ ቀን ብቻ፣ ጨው እያስላሳት፣ 'ይሄን ያስተማረችኝን ሰው በድያታለሁ' አለኝ። እናቱን መስሎኝ ነበር።"

ንጋቷ ማድቤት ገብታ ጨው ዘግና ወጣች። በቅሎዋ ፊት ተንበርክካ መዳፏን ዘረጋች። በቅሎዋ አልተንቀሳቀሰችም። ንጋቷ ግንባሯን ከበቅሎዋ ግንባር አስነክታ ቆየች። ብዙ ከቆየች በኋላ ሸካራ ምላስ መዳፏን ላሰ፤ ደገመ። ንጋቷ ሙሾ ሳታወርድ፣ ደረቷን ሳትመታ አለቀሰች።

"እንግዲህ እኔ ልመለስ?" አለ ሀምዳን።

"ተመለስ። አትሸጥም።" ከዚያ ፊቷን ሳታዞር፣ "አንቺንም ይቅር አላልኩሽም" አለች።

"አውቃለሁ" አለች በየነች።

"ቴፒም አትሄድም። እዚሁ ነው የምትሞተው።"

"እሺ።" በየነች ነጠላዋን አጣፍታ ልትሄድ ዞረችና ቆም አለች። "አንዴ አንገቷን ልንካት?"

ንጋቷ በአንድ እጇ የያዘችውን የበቅሎዋን ገመድ አልለቀቀችም። ከተንበረከከችበት ሳትነሣ፣ ለአንድ ሰው የሚበቃ ያህል ወደ ጎን ፈቀቅ አለች።