የኤዶም ደም እስኪረጋ

ጋሽ እምሩ የላቦራቶሪ ወረቀት አያምኑም። አርባ ዓመት ሙሉ ያንኑ ወረቀት ሲጽፉ ኖረው አያምኑም ሲባል ጉድ ነው፤ ግን ምክንያት አላቸው። እህታቸው ሙሉዓለም በሃያ ዓመቷ አንድ ጥርስ ተነቅሎላት ደሟ አልቆም ብሎ ሞታለች። የእሷም ወረቀት ደህና ነች ይል ነበር።

አሁን ደግሞ በእጃቸው ያደገችው የልጅ ልጃቸው ኤዶም ቶንሲሏ አብጦ ትንፋሽ እየነሳት፣ ነገ ጠዋት በኦፕራሲዮን ይወጣላት ተብሏል። ፈቃዱ ላይ የሚፈርሙት እሳቸው ናቸው። ሁለት ጊዜ ሰበብ ፈጥረው ቀጠሮ አሰርዘዋል። ሐኪሙ ግን ከዚህ በላይ እንደማይቆይ ቁርጡን ነግሯቸዋል።

ስለዚህ ልጅቷን ይዘው ፒያሳ መጡ፣ ድሮ ያስተማሯት ዓለምጸሃይ ከምትሠራበት ላቦራቶሪ። ዓለምጸሃይ የማሽኑን ውጤት አሳየቻቸው፤ እንከን የለውም። እሳቸው ወይ ፍንክች። በድሮው መንገድ በዓይኔ ካላየሁ አሉ። የመምህር ነገር ሆኖባት ከኤዶም ክንድ ትንሽ ደም ቀድታ በመስታወት ቱቦ ሰጠቻቸው።

ቱቦውን በመዳፋቸው እያሞቁ፣ ደሙ መርጋቱን ለማየት በየደቂቃው ዘንበል ያደርጉት ጀመር። ደሙ ይፈሳል። ኤዶም ምን እንደሚጠብቁ ጠየቀቻቸው። እዚህ ውስጥ ፕላትሌት የሚባሉ በዓይን የማይታዩ ደቃቅ ነገሮች አሉ አሏት፤ ልብሳቸው ስብ ነው፣ እንደ ኩታ ድርብ የሆነ ስብ። ከስቡ አንዱን ዓይነት በውስጠኛው ፊት ደብቀው ይኖራሉ። ጉዳት ሲደርስ ግን ያን የደበቁትን ገልብጠው ወደ ውጭ ያወጡታል። ጥሪው ያ ነው፤ ደም የሚያረጉት ሁሉ መጥተው እላዩ ላይ ይሰበሰባሉ። መስታወቱ ሲነካቸውም ቁስል ይመስላቸዋል።

“ስብ ይጣራል?” አለች ኤዶም።

ይጣራል እንጂ። አፍ የለው፣ ድምፅ የለው። ጋሽ እምሩ እስከ ዛሬ ሲያስቡት ይደንቃቸዋል፤ የሰው ነፍስ ፊቱን ባዞረ ቅንጣት ስብ ላይ ተንጠልጥላ መኖሯ።

አምስተኛው ደቂቃ፣ ይፈሳል። ስድስተኛው፣ ይፈሳል። ከውጭ የታክሲ ረዳት አራት ኪሎ፣ አራት ኪሎ ይላል። ዓለምጸሃይ ወንበር ሳበችላቸው። ሰባተኛው ላይ ደሙ ከበድ አለ። ስምንተኛው ላይ ሌላውን እጃቸውን ከሥር ዘርግተው ቱቦውን ጭራሽ ደፉት።

ጠብ ያለ ነገር የለም። ደሙ እንዳለ ቆሟል። ማንም ሳያዘው፣ ጣት በምታህል ቱቦ ውስጥ ስንትና ስንት ሚሊዮን ሆኖ ተጠራርቶ ቆሟል። ያንተ ሥራ አሉ፣ ወደ ላይ ቀና ብለው። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

የፈቃዱን ወረቀት ከኪሳቸው አውጥተው ባንኮኒው ላይ ፈረሙና ነይ እንሂድ አሏት፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ለማስመሰል።

ኤዶም አልተነሳችም።

“አባባ፣ እህትዎ እንዴት እንደሞቱ አውቃለሁ” አለች። “እኔም ፈርቼ ነበር። እርስዎ ይበልጥ እንዳይፈሩ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።”