ከምዝገባው በኋላ

የውጭ አገር ተማሪዎች ቢሮ ኃላፊዋን ተማሪዎቹ «መላ» ነው የሚሏት። በከንቱም አይደለም። ሻንጣው የጠፋበት፣ ቪዛው ያለፈበት፣ አገሩ ናፍቆት እንቅልፍ ያጣው ሁሉ መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእሷን በር ነው። ለአንዱ ተማሪ መርዶ የመጣ ቀንማ የእሷን መራወጥ ማየት ነው! አንዱን ሠራተኛ ለቲኬት፣ ሌላውን ለመምህራን ደብዳቤ ታሯሩጥና ራሷ ልጁ አጠገብ ቁጭ ትላለች። «ምን ላድርግልህ ብላችሁ እንዳትጠይቁ» ትላለች። «የጨነቀው ሰው የሚፈልገውን አያውቅም። ዝም ብላችሁ አድርጉለት።»

እንግዲህ ያን ነገር የሠራችው ይቺው ሴት ናት። አምና በምዝገባ ሳምንት፣ የቪዛ ጉዳይ የሚይዘው ባልደረባዋ፣ አቋሙ ቀጥ ያለ ስለሆነ «ሻለቃ» የሚሉት፣ አባቱ ታመውበት ሦስት ቀን ፈቃድ ጠየቃት። ቀና ብላ እንኳ ሳታየው «ከምዝገባው በኋላ» አለችው። ምዝገባው ያለቀው ዓርብ ነው። አባቱ ያረፉት ሐሙስ። ከዚያ ወዲህ ሻለቃ ሰላም ይላታል፣ ሥራውን ይሠራል፣ በቃ። እሷም በወሩ፣ ወይ አለማፈር፣ ከየአገሩ የመጡ የሙያ ባልደረቦቿ ፊት ቆማ ስለ መተሳሰብ ንግግር አድርጋ ተጨበጨበላት።

ዘንድሮ ደግሞ በዚያው ሳምንት፣ ሰኞ ጠዋት ሦስት ተኩል ላይ፣ ታናሽ ወንድሟ ደወለ።

«እማዬ ነገ ጠዋት የልብ ቀዶ ጥገና ልትገባ ነው። ሐኪሞቹም... ብቻ ነይ። እሷን ሳላይ አልገባም ብላለች።»

እናቷ ያሉበት ከተማ ሩቅ ነው። ከነገ በፊት የሚያደርሳት የአምስት ሰዓቱ አውቶቡስ ብቻ ነው። ኮሪደሩ ላይ ግን መቶ አርባ አዲስ ተማሪዎች ከነሻንጣቸው ተሰልፈዋል። ሥራውን ተረክቦ ሊይዝላት የሚችል ደግሞ አንድ ሰው ነው፤ ሻለቃ። በምን ዓይኗ ትጠይቀው? ስልኳን መሳቢያ ውስጥ ከተተችና «ቀጣይ!» አለች።

የአንዲቱ ልጅ ቅጽ ላይ ግን ሦስት ጊዜ ማኅተም መታችበት፤ አንዱን ዘቅዝቃ።

«ምን ሆነሻል?» አለ ሻለቃ ከጎኗ ካለው ጠረጴዛ።

«ምንም።»

«ደህና ሰው እንዲህ አያትምም።»

ነገረችው። ለመጠየቅ ሳይሆን፣ ሆዷ መያዝ አቅቶት። ከዚያ አንገቷን ደፍታ ያችን የገዛ ቃሏን ከአፉ እስክትሰማ ጠበቀች። ብትሰማትም ይገባት ነበር።

ሻለቃ ብድግ አለ። ማኅተሙን ከእጇ ወሰደ። ጸሐፊዋን «የአምስት ሰዓቱን ቲኬት ያዢላት»፣ ሹፌሩን «መኪናውን አስነሣ» አለ። ቦርሳዋን ከወንበሩ ላይ አንሥቶ ራሱ ትከሻዋ ላይ አደረገላት። አንዲት ጥያቄ አልጠየቃትም።

መላ ግን ወደ በሩ ሳትሄድ ወደ እሱ ዞረች። «እኔ እኮ አንተን... ያኔ አንተን...» አለችና ተማሪው ሁሉ እያየ ተንሰቀሰቀች። «ይቅር በለኝ።»

«እሱን ገና አልቻልኩም» አላት። «ዓመቱን ሙሉ በልቤ ስረግምሽ ነው የከረምኩት። ግን እኔ የደረስኩት ከቀብር በኋላ ነው። አንቺ ድረሺ። በይ ሂጂ!»

ደረሰች። ማታ እናቷ አልጋው ላይ ሆነው እጇን ያዙና፣ እናት አይደሉ፣ ስለ ራሳቸው ሳይሆን ስለ ሥራዋ ጠየቁ።

«በምዝገባ ሳምንት እንዴት ለቀቁሽ?»

ሳትደብቅ ሁሉንም ነገረቻቸው። ስለ ፈቃዱ፣ ስለ ሐሙሱ፣ ስለ ቦርሳው። እናቷ ሰምተው ሲጨርሱ፣

«ለቅሶውንስ ደረስሽው?» አሉ።

«አልደረስኩም» አለች መላ።

«ዓመት ሙሉ? ጎን ለጎን ተቀምጣችሁ?»

«አፍሬ ነው፣ እማዬ።»

«እኔ ነገ ብነሣም ባልነሣም» አሉ እናቷ እጇን ጠበቅ አድርገው፣ «ስትመለሺ ቢሮ እንዳትገቢ። መጀመሪያ እቤቱ ሂጂና ስለ አባቱ ጠይቂው። ምን ዓይነት ሰው እንደነበሩ ይንገርሽ።»