የጳጉሜን ፈቃድ

እኔ ትምህርት ቤት የገባሁት ወለል ልጠርግ ነው። ማካፈልን የተማርኩትም በመስኮት በኩል ከሰሌዳው ላይ ነው። አሁን ግን መካነ ሰላም ካለው የእርዳታ እህል መጋዘን የሠራተኛውን ደሞዝና የዓመት ፈቃድ የማሰላ እኔ ነኝ። ያልጣመው በጣቱ ይቁጠር።

የ1966 ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ዘበኛው አራጌ መጣ። ከላላ ወረዳ ያለውን መንደራቸውን ረሃቡ ሲፈታው እናቱ ሀጀራ ቤቴን አልለቅም ብለው ቀርተዋል። አሁን የቀሩት ጎረቤቶች «አልጋ ይዘዋል» ብለው ላኩበት።

«በበቅሎ ላመጣት ነው። እዚህ ከደረሰች ከራሽኔ ትቀምሳለች።»

«ስንት ቀን ይበቃሃል?»

«ወንዙ ሞልቷል። እሷም አቅም የላት፤ እያረፍን ነው የምንመጣ። ከዐሥር ቀን አያንስም።»

አሰላሁ። ደንባችን ለተሠራ ወር አንድ ቀን ተኩል ፈቃድ ይሰጣል። አራጌ የተቀጠረው ግንቦት አንድ ነው፤ እስከ ነሐሴ ማለቂያ አራት ወር። ስድስት ቀን። ደግሜ አባዛሁት፤ ያው ስድስት። ከፈቃዱ አሳልፎ የቀረ ይሰናበታል። ቦታውን የሚመኝ ሰው ደግሞ በዚያ ክፉ ቀን በራችን ላይ ነበር የሚያድር።

አራጌ ፊቴን አይቶ «አብሽሪ እህቴ» አለኝ። ማን ማንን ማጽናናት ነበረበት!

ሥራ አስኪያጁ ጋሽ ፈንታሁን ዘንድ ገባሁ።

«ስድስት ካለው ስድስት ነው» አሉ። «ቀን ከየት ልውለድለት?»

ተናድጄ የነሐሴን ደሞዝ መሥራት ጀመርኩ። ከነሐሴ ቀጥሎ የሚሠራው የመስከረም ነው። መሃል ያለችው ጳጉሜን ደሞዝ የላትም፤ በነጻ ነው የምንሠራባት። ብድግ ብዬ ተመለስኩ።

«ጋሼ፣ የጳጉሜን ደሞዝ ይከፈላል?»

«የት አገር አይተሽ?»

«ካልተከፈለበት ከፈቃድም አይቀነስማ! ፈቃድ እኮ ደሞዝ እየበሉ ማረፍ ነው። ወይ ይክፈሉን፣ ወይ አምስቱን ቀን ይተዉለት።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «ይህን ለሌላ ሰው ነግረሻል?»

«ገና ነኝ።»

«አደራሽን! ሬዲዮው የሚያወራው አድማ አይበቃንም? ነገ ሁሉም የጳጉሜንን አምጣ ብሎ በሬ ላይ ይሰፍርልሻል።» ከዚያ ሳቅ አመለጣቸው። «ምላስሽ ከሒሳብሽ ይፈጥናል። አምጪው ልፈርም። መስከረም አንድም በዓል ነው፤ እሱንም ጨምሪለት።»

አራጌ ነሐሴ ሃያ አምስት ወጣ። መስከረም ሁለት ሥራ መግባት አለበት። ዝናቡ ግን ሌት ተቀን ያወርደዋል። ፎክሬ ቀን አስጨመርኩለት እንጂ ወንዝ አላጎደልኩለት፤ እንቅልፍ አጣሁ።

መስከረም ሁለት ጧት ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ ተባለ። ከተማው ሬዲዮ ባለበት ሁሉ ተኮልኩሏል። እኔ መንገዱን አያለሁ። ረፋዱ ላይ አንዲት በቅሎ ብቅ አለች። ላይዋ ላይ በጋቢ የተጠቀለሉ፣ ከጭራሮ የቀለሉ ሴትዮ፣ «ቀስ በል ብዬህ! አጥንቴን እኮ ፈጨኸው!» እያሉ ይቆጣሉ። ተመስገን አልኩ፤ እንዲህ የሚቆጣ ሰው አይሞትም።

አራጌ ጭቃ በጭቃ ሆኗል። የተሰበሰበውን ሰው ሲያይ ደነገጠ።

«ምን ተፈጠረ? ተሰናበትኩ?»

«የተሰናበቱት ጃንሆይ ናቸው» አልኩት። «አንተ በቀንህ ገብተሃል። በል እማማን ደግፈህ አውርዳቸው፤ እኔ በቅሎዋን ልያዝ።»